እናትሽ በኋላ በር ትመጣለች

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሩሀማ፣ አጠገቤ ስትሆን ለምታናድጂኝ፣ ስትርቂ ለምትናፍቂኝ፤

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? ማቅለሽለሹ ተወሽ? የእግርሽ እብጠትስ ጎደለ ወይስ አሁንም በባልሽ በሶሬሳ ጫማ ነው ክፍል የምትገቢው? ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሻል? ስለ ምግብ ፍላጎትሽ አልጠይቅሽም፤ እሱ ከድሮም ታሞ አያውቅም። ሶሬሳስ ደህና ነው? ጎረቤትሽ ራህማስ? አናናስ እየላጠች እንደምታበላሽ ካነበብኩ ወዲህ ሳላያት እመርቃታለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አለን ስልሽ ግን የዛሬው «አለን» እንደ ወትሮው ባዶውን አይደለም፤ ውስጡ ብዙ ነገር ስላለበት ቁጭ ብለሽ፣ ከተቻለም እግርሽን በርጩማ ላይ ሰቅለሽ አንብቢው።

ደብዳቤሽ ጥር ወር ላይ በዲላው አውቶቡስ ሾፌር እጅ ደርሶኛል። አንዷን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት፤ «ጋሼ፣ እማዬ ለመውለጃዬ የማትመጣው ሶሬሳን አልቀበልም ብላ ከሆነ አትደብቀኝ፤ ቁርጤን ልወቀው» ያልሽውን። ለእናትሽ ሳነብላት ያቺን መስመር ዘለልኳት። እናትሽ ማንበብ አትችልም እንጂ መዝለል ታውቃለች። «እዚያ ጋ ትንፋሽህን ዋጥ አደረግህ፤ ምን ትላለች?» ብላ ያዘችኝ። «ሰላምታ ነው» አልኳት። «ሰላምታ ትንፋሽ አያስውጥም» አለችና ፊቷን አዞረች።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርሽ። በሶሬሳ አይደለም። መጀመሪያ ተቀይማ ነበር፤ አልዋሽሽም። ሽማግሌ ሳይላክ፣ እሷ ሳትሰማ፣ ማዘጋጃ ቤት ተፈራርማችሁ ፎቶግራፉን ብቻ ስትልኪ የትኛዋ እናት ደስ ይላታል? ፎቶግራፉን አንድ ወር ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ አቆመችው። በሁለተኛው ወር «አቧራ በላው» ብላ ወለወለችና ፊቱን ወደ ቤት መለሰችው። በቅርቡ ደግሞ ጎረቤታችንን፣ ስፖንጅ ነጋዴዋን ዙህራን «አማቼ ትከሻው ሰፊ ነው፣ አይደል?» ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቅያሜው ካለቀ ቆይቷል።

ያስቀራት ወገቧ ነው። ጥቅምት ላይ እህል በረንዳ ሽምብራ ልትገዛ ሄዳ፣ ተሸካሚ እስኪመጣ አልጠብቅም ብላ ግማሽ ኩንታሉን ራሷ ስትጎትት ወገቧ ቀጭ አለ። ሐኪሙ ዲስክ ተንሸራቷል አላት። አንድ ወር ከአልጋ አልወረደችም። አሁን በከዘራ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ትቆማለች፣ ትተኛለች፤ መቀመጥ ግን አልቻለችም። ከሩብ ሰዓት በላይ ከተቀመጠች ሕመሙ ከዳሌዋ ተነስቶ እስከ ተረከዟ ይወርዳል። ስልክ ስትደውልልሽ ቆማ፣ ግድግዳ ተደግፋ ነበር፤ «እማዬ ለምን ቶሎ ትዘጊያለሽ?» እያልሽ የምትነጫነጪው ለዚህ ነው። «ነፍሰ ጡር አትደነግጥም» ብላ እንዳንነግርሽ ሁላችንንም አስምላናለች። እኔ መሐላዬን ዛሬ አፈረስኩ። ንስሐውን ከፋሲካ በኋላ እጨርሰዋለሁ። አንቺ ግን አትደንግጪ፤ በየሳምንቱ እየተሻላት ነው፤ ደግሞም ወሬው ገና አላለቀም።

ሐኪሙን «ዲላ ድረስ መሄድ ትችላለች ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። «በአውቶቡስ ተቀምጣ አይታሰብም። ጋደም ብላ፣ በየሰዓቱ እየቆማችሁና እያራመዳችኋት ከሆነ ይቻላል» አለኝ። ከክሊኒኩ ወጥቼ ደጅ የቆመችውን መኪናዬን አየኋት። እሷም አየችኝ መሰለኝ።

መኪናዋን ታውቂያታለሽ። ፊያት መቶ ሃያ ሰባት፣ በዕድሜ ካንቺ ሁለት ዓመት የምታንስ፣ በጠባይ ካንቺ የምትሻል። «ጋሼ ሚስት ያላገባኸው በሷ የተነሣ ነው» ትይኝ የነበረባት ያቺው ናት። የኋላ በሯ ከነመስታወቱ ወደ ላይ ይከፈታል፤ የኋላ መቀመጫዋ ይታጠፋል፤ ትርፍ ጎማዋም ፊት፣ ሞተሩ ጋ ስለሚቀመጥ ከኋላ ያለው ቦታ ነፃ ነው። እስከ አሁን ያ ቦታ የሱቄ መጋዘን ነበር፤ ማጠፊያውን፣ ጓጉንቸሩንና ብሎኑን በየዓይነቱ የምደረድርበት መደርደሪያ ሠርቼለት ነበር። ሁሉንም ነቅዬ አወጣሁት። ከሥሩ ስድስት ዓመት የፈለግሁት ካቻቢቴ ተገኘ። በሱ ምክንያት ስንቱን ሰው ሌባ ብዬ እንዳማሁ እግዚአብሔር ይቁጠረው።

ቀጥሎ እናትሽን ተኝታ ሳለ በሜትር ለካኋት፤ አንድ ሜትር ከሃምሳ ስድስት። አንድ ዓይኗን ገለጠችና «ምን እያደረግህ ነው?» አለች። «ቀሚስ ላሰፋልሽ ነው።» «ቀሚስ ከአናት ነው እንዴ የሚለካው?» ብላ ዓይኗን መልሳ ጨፈነች። መኪናዋን ስለካ ደግሞ ከኋላው በር እስከ ፊት ወንበሮቹ ጀርባ አንድ ሜትር ከሃያ ብቻ ሆነ። እኔ እናትሽን ከአንቺ የሚለያት ይህ ሁሉ የዲላ መንገድ ነው ስል ለካ ሠላሳ ስድስት ሳንቲም ኖሯል! መፍትሔው ከሾፌሩ ጎን ያለውን ወንበር፣ ጋቢናውን መንቀል ነበር። አራት ብሎን ነው። ሦስቱ በእሺታ ወጡ፤ አራተኛው ግማሽ ቀን አከራከረኝ።

ጠሀን ታስታውሺዋለሽ፤ ለሱቆች መደርደሪያ የሚሠራው፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ እርሳሱን የሚፈልገው። ጠራሁትና ሐሳቤን ነገርኩት። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና «ጋሽ በሪሁን፣ አንተ የምትለው አልጋ ነው ወይስ መደርደሪያ?» አለኝ። «እህቴ የምትደረደርበት አልጋ» አልኩት። ሥራ ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። ከአንግል ብረት እግሮች አስበየድንና ወንበሩ ታስሮባቸው በነበሩት ቀዳዳዎች አሰርናቸው። አዲስ ቀዳዳ አንድም አልበሳንም፤ ስንመለስ ሁሉም ወደ ቦታው እንዲገባ ነው። ከላይ የአሥራ ሁለት ሚሊ ኮምፔንሳቶ ጣውላ አለበስነው፤ ሁለት ቦታ ቆርጠን መሀሉን በማጠፊያ አያያዝነው። ማጠፊያውን ለደንበኛ ከማላሳየው ሳጥን ነው ያወጣሁት። ስፖንጁን ዙህራ አመጣች፤ ከሥር ጠንካራውን፣ ከላይ ለስላሳውን። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ በጡጫ መታችው። «ጡጫዬ ጣውላውን ካልነካ የሙሉነሽም ወገብ አይነካውም» አለች። በሦስተኛው ስፖንጅ ነው ያለፈው።

የኋላው ወለል የተስተካከለ ስለሆነ ራሷ በኋላው በር በኩል፣ እግሯ በጋቢናው በኩል ይሁን ብዬ ወሰንኩ። ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ልንሞክረው ተነሳን። በኋላው በር ጎንበስ ብላ መግባት ስለማትችል ሰሌዳ ላይ አስተኛናትና እኔ በአንድ በኩል፣ ጠሀ በሌላ በኩል ተሸክመን አስገባናት። የታጠበ ነጭ ጋቢዋን ለብሳለች። አቧራው ሲበዛባት ጋቢውን እስከ ዓይኗ ሳበችው። ጠሀ የሚቀመጥበት ስለሌለ ከመኪናዋ ጎን በእግሩ ይከተላል፤ እኔም እንዳላንገጫግጫት ቀስ እያልኩ እነዳለሁ። ነገሩን አሁን በወረቀት ላይ ሳየው ምን እንደሚመስል ለማንም አይጠፋውም። ያኔ ግን የማስበው ስለ ብሎኖቹ ነበር።

መርካቶ ውስጥ ሰባተኛ ስንደርስ መንገዱ ተጨናንቆ ቆምን። አንድ ተሸካሚ ጆንያውን አወረደና ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀጥሎ ሌላው። ሊስትሮው ብሩሹን ይዞ ተነሣ፤ ጫማውን የሚያስጠርገውም ሰውዬ በአንድ እግሩ ካልሲ ተነሣ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ መስኮቴ ጠጋ አሉና «ማን ናቸው ያረፉት፣ ልጄ?» አሉኝ። ያኔ ነው የገባኝ። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፤ እንዲህ ያለ ነገር እጄ ገብቶ ዝም ብዬ አላሳልፍም። ድምፄን አለዝቤ «እህቴ ናት አባቴ፤ አራት ወር ታማ ዛሬ ከቤት ወጣች» አልኳቸው። ቃል በቃል ውሸት የለበትም። «ነፍስ ይማር፤ አንተንም ያጽናህ» ብለው አማተቡ። ጠሀ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሰዎቹም «አይ፣ አልቅስ፣ ይውጣልህ» እያሉ ጀርባውን ይደባብሱታል።

ሲኒማ ራስ ጋ ስንደርስ እናትሽ ከኋላ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች። «መልሰኝ።»

ቤት ገብታ ከተኛች በኋላ የቀረውን ነገረችኝ። «ነፍስ ይማር ተብዬ አራስ ቤት አልገባም። ልጄ ልትገላገል ቀኗን ትቆጥራለች፣ እኔ እንደ ሬሳ ተጭኜ ደጇ ልቁም? ሟርት ነው! ደግሞ በዕድሜዬ ከጋቢና ሌላ ተቀምጬ አላውቅም፤ እንደ ጆንያ በኋላ በር አስገባኸኝ። ይቅርብኝ።»

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ከሰዓት በኋላ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ጋሽ ጎበዜ ጡሩምባውን ብብቱ ሥር ይዞ ደጃችን ቆመ። «ሙሉነሽን ሰማን። ድንኳኑን በየት በኩል እንትከለው?» አለኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ወዲያው እናትሽ በከዘራዋ ብቅ አለች። «ጎበዜ፣ ገና ነኝ። ስደርስ ራሴ እልክብሃለሁ» አለችው። ጡሩምባው ከእጁ ወድቆ አፉ ተጣሞ ቀርቷል፤ ማቃናቱ የኔ ዕዳ ሆኗል።

አንቺ አሁን እየሳቅሽ ይሆናል። እኔ ግን ያን ሳምንት አልሳቅሁም። አምስት ቀን አላናገረችኝም። ለአንዲት ቀልድ ብዬ መንገድሽን የዘጋሁብሽ መሰለኝ። የሶሬሳ እናት በሕይወት የለችም፤ አክስቶቹ ሩቅ ናቸው፤ አንቺም የመጀመሪያሽ ነው። ገንፎ የሚያገነፋልሽ፣ ወገብሽን የሚያስርልሽ፣ ልጁን እንዴት አቅፈሽ እንደምታጠቢው የሚያሳይሽ ሰው ያስፈልግሻል፤ ራህማ ደግ ብትሆንም የራሷ ቤት አላት። ሽማግሌ ላክሁባት፤ ጋሽ ጎበዜንም ጨመርኩ። «ድንኳን ሊተክልልኝ የመጣ ሰው ነው የሚያስታርቀኝ?» ብላ ሻይ አጠጥታ መለሰቻቸው።

በስድስተኛው ቀን ብቻዬን ገባሁ። ቀልድ ይዤ አልገባሁም። ደብዳቤሽን አወጣሁና ያቺን የዘለልኳትን መስመር አነበብኩላት። «ሩሀማ እንዲህ ብላ ጻፈች?» አለች። «እንዲህ ብላ ጻፈች» አልኳት። «በልጁ ምክንያት የቀረሁ መስሏት?» «አዎ።» እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወርዶ ትራሱ ላይ ጠፋ። ከዚያ ደረቅ ባለ ድምፅ «ያቺ አልጋህ ፈርሳለች ወይስ አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። «አለች» አልኳት። «እንግዲያው ዘዴ ፈልግ። እሄዳለሁ፤ እንደ ሬሳ ግን አልሄድም።»

ዘዴውን ያገኘችው ዙህራ ናት። ጉዞው የቀረ መስሏት ስፖንጇን ልትወስድ መጥታ ነበር። ነገሩን ስንነግራት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሳቀችብን። «ሬሳ ሰው ያያል እንዴ? እሷ መንገደኛውን እያየች ከሄደች ማን ነፍስ ይማር ይላታል? ጋቢና አልለቅም ካለች ራሷ ጋቢና ይሁን፤ እግሯን ወደ ኋላው በር ላከው፤ ትንሽ ቀና አድርጋት፤ በኋላው መስታወት ሰዉን ትይ!» አለች። እኔ መኪና ጥገና ማንም ሳያስተምረኝ፣ ፈትቼ ስገጥም የሚተርፈውን ብሎን እየቆጠርኩ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለው ግን ብሎን ቆጥሮ አይገኝም። ጠሀ እርሳሱን ሊፈልግ ተነሣ።

ሁሉንም ገለበጥነው። ጋቢናው በነበረበት ቦታ የራስጌውን ሰሌዳ በማጠፊያ ሠራነው፤ ከሥሩ ሦስት ጥርስ ያለው እንጨት አለ፤ አንደኛው ጥርስ ላይ ስትሆን ፍጹም ተኝታ ናት፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ ጋደም ብላ ደጁን ታያለች። ሐኪሙን ደግሜ ጠየቅሁት፤ ከጉልበቷ ሥር ትራስ ይግባ እንጂ ችግር የለውም አለ። አገባቧም ክብር አገኘ፤ በጋቢናው በር በኩል ጠርዙ ላይ አረፍ ትልና እኔ እግሯን ቀስ አድርጌ አዞርላታለሁ። ደረቷና ጉልበቷ ላይ ሰፋፊ ቀበቶ አለ። ነጭ ጋቢ ተከልክሏል፤ ዙህራ ቀይ አበባ ያለበት ብርድ ልብስ ሰጥታናለች፤ በዚያ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የሞተ ሰው የለም።

የኋላው በር ጎማ አርጅቶ አቧራና የጭስ ማውጫ ጭስ ያስገባ ስለነበር ከሶማሌ ተራ ሌላ ገዛሁ። መግጠሙ ቀላል ነው፤ መዝጋቱን ማወቁ ነው የሚከብደው። ጎማውን ዙሪያውን በጠመኔ ቀባሁት፣ በሩን ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። ጠመኔው በሩ ላይ ከታተመ ጎማው ነክቷል ማለት ነው፤ ካልታተመ እዚያ ጋ ክፍተት አለ። ሁለት ቦታ አልታተመም። ከሥሩ ቀጭን ላስቲክ አስገብቼ ደገምኩት፤ ሙሉ ሆነ። ከአልጋው ሥር በተረፈው ቦታ ደግሞ ጠሀ ሦስት የሚሳብ ሣጥን ሠራ። አንዱ የገንፎ ዱቄቱና የአጥሚቱ ነው፤ አንዱ የቅቤው፤ ሦስተኛውን እናትሽ ለራሷ ያዘችው። ሰርቄ አየሁት። ለሶሬሳ ጋቢ አለ፣ ጥለቱ አረንጓዴ። ወገቧን እያመማት መቼ እንዳስፈተለችውና መቼ እንዳሸመነችው አላውቅም። ለኔ በዚህ ሁሉ ዓመት መሐረብ እንኳ ሰጥታኝ አታውቅም፤ ይህን ለሶሬሳ ንገሪው፤ እንዲከብደው።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለተኛውን ሙከራ አደረግን። ሰባተኛ ስንደርስ እናትሽ በኋላው መስታወት ከተማውን ትገመግማለች። ከኋላችን የቆመው ታክሲ ረዳት አንገቱን አውጥቶ «እማማ፣ ፊትና ኋላው ተሳስቶብሻል እንዴ?» አላት። የጎን መስታወቱን አስወርዳኝ «አልተሳሳትኩም፤ የመጣሁበትን እያየሁ ነው» አለችው። «ወዴት ነው?» «ዲላ!» ልጁም ወዲያው እጁን እያወዛወዘ «ዲላ ዲላ ዲላ! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራ ጀመር፤ እውነት መስሏት አንዲት ሴት ዘንቢሏን ይዛ ወደ መኪናዬ መጣች። ባርኔጣ ያላቸውን ሽማግሌም ዓይኗ አልሳታቸውም። «አባቴ፣ ነፍስ ይማር ያሉኝ እርስዎ ነዎት? ተምሯል!» አለቻቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ ከዚያ ሳቃቸው መጣና ግድግዳ ያዙ። ለኔ ግን ጣታቸውን ነቅንቀውብኛል፤ ይገባኛል።

ከዚያ ቃሊቲ ደርሰን ተመለስን። ወደ ኋላ እያዩ መሄድ መጀመሪያ ላይ ራሷን አዞራት፤ ሎሚ አሸተተች፤ ተዋት። በመንገዱ ጉብታዎች ሁሉ ላይ «አመመሽ?» እያልኩ ስጠይቃት «አንተ ዝም ስትል አያመኝም» ትለኛለች። አንድ ጊዜ ቆመን አራመድኳት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሄደን ቤት ስንገባ በከዘራዋ ወርዳ ደጃፉን ተሻገረችና ሳትዞር «ቅዳሜ መጋቢት ሁለት» አለች። ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። በማግሥቱ ዘይትና ፍሬን አስፈተሽኩ።

ጉዞው እንዲህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ተነስተን በየሰዓቱ እየቆምን ሐዋሳ እናድራለን። ጾሙ ስለሚገባ ስንቃችን ቀላል ነው። እሑድ በማለዳ ተነስተን እኩለ ቀን ሳይሞላ እናንተ ዘንድ እንሆናለን፤ ብንዘገይ ጎማ ነው እንጂ ሌላ አታስቢ። ለእናትሽ ጠንከር ያለ ፍራሽ ወለል ላይ ሳይሆን ከፍ ያለ አልጋ ላይ አዘጋጁ። ስታያት ከስታለች፤ አትጩኺ፤ ከዘራዋንም እንዳላየ እለፊው። እኔ መሐላዬን ማፍረሴንም አታውቅም፤ ሲነገርሽ እንደ አዲስ ደንገጥ ማለት ትችያለሽ አይደል? ልጅ ሆነሽ ስኳር ሰርቀሽ «እኔ አይደለሁም» ስትይ ጥሩ ትችይ ነበር። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ጋደም ብላ «ይህን ሁሉ ምን ትጽፋለህ?» ትለኛለች። «የብሎን ዝርዝር» ብያታለሁ።

ለሶሬሳ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ የግቢውን በር ስፋት ለክቶ ከአንድ ሜትር ከሰባ የሚያንስ ከሆነ መቃኑን እንዲነቅለው ንገሪው፤ ትከሻው ሰፊ ነው ተብሏል። ራህማን ለአናናሱ አመስግኚልኝ፤ ለኔም እንድታስቀር። ቤት አከራይሽን እማማን እጅ ነስቻለሁ በያቸው። ዙህራ «ስትወልጂ እልልታዬ እዚያ ይሰማሻል» ብላለች። ጠሀም ሰላም ብሎሻል፤ የልጁን አልጋ ስፋት ላኪልኝ ይላል። ጋሽ ጎበዜ ሳይቀር፣ አፉ በተቃና ጡሩምባው፣ በሰላም ተገላገይ ብሎሻል። ለዚያ ስም ላልወጣለት እንግዳ ደግሞ የእናቱ አጎት እስኪደርስ እንዳይቸኩል ንገሪው።

አንድ ነገር ቀረ። ፊቷ ወደ ኋላ ስለሆነ መኪናዋን አዙሬ በኋላዋ ነው ወደ ግቢሽ የማስገባት፤ ስለዚህ ወደ ፊተኛው በር እንዳትሮጪ፤ ከኋላ ቁሚ። የኋላውን በር ወደ ላይ ስትከፍቺው መጀመሪያ የምታገኚው እግሯን ነው። ሆን ብዬ አላደረግሁትም፤ የወገቧና የጋቢናው ነገር ነው እንዲህ ያደረገው። ከሆነ በኋላ ግን አሰብኩበት። እናትን ሳያስፈቅዱ ያገቡ ልጆች ጉልበት ስመው ነው ይቅርታ የሚጠይቁት፤ አንቺ ደግሞ በዚህ ሆድሽ መሬት መንበርከክ አትችይም። አልጋው ከመሬት ሰባ ሁለት ሳንቲም እንዲሆን ጠሀን አስለክቼዋለሁ። ብዙ ማጎንበስ የለብሽም።

አጎትሽ በሪሁን

መርካቶ፣ አዲስ አበባ
ሰኞ የካቲት 20 ቀን 1992 ዓ.ም.